ማታ አታፏጭ

ልጅ ሆኜ እናቴ አጥብቃ ከከለከለችኝ ነገሮች አንዱ ማታ ማፏጨት ነው። ቀን እንደ ልቤ ነበርኩ። ፀሐይ ከገባች በኋላ ግን ከንፈሬ ሲሾል ካየች "ዝም በል! ማንን ልትጠራብን ነው?" ትለኛለች። ማን እንደሚመጣ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። የሚያስፈራውም እሱ ነበር።

ዓመታት አልፈው ለንደን ገባሁ። የአንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ የሌሊት ጥበቃ ሆንኩ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ረጅም ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለህ። በየሁለት ሰዓቱ ፎቆቹን ትዞራለህ፣ መዝገብ ላይ ትፈርማለህ፣ ተመልሰህ ትቀመጣለህ። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ በአንድ ጆሮዬ ኤርፎን ሰክቼ ያገኘሁትን እሰማለሁ። ስብከት፣ የኳስ ወሬ፣ ዜና። አንድ ሌሊት እንግሊዝኛዬን እንኳ ያሻሽልልኝ ብዬ አንድ የድሮ አጭር ልቦለድ ከፈትኩ።

አንድ ፕሮፌሰር ለእረፍት ወደ ባሕር ዳርቻ ይሄዳል። መንፈስ ምናምን በሚባል ነገር የማያምን፣ የሚያምኑትንም የሚንቅ ሰው ነው። በቴምፕላር ፈረሰኞች የድሮ ፍርስራሽ ውስጥ እጁን ሲሰድ አንዲት የነሐስ ፊሽካ ያገኛል። ፊሽካዋ ላይ በላቲን "ይህ የሚመጣው ማን ነው?" ተብሎ ተቀርጿል። ሰውዬው በዚያው ምሽት ክፍሉ ገብቶ ነፋት።

"ተው እንጂ!" ብዬ ጮህኩ። ብቻዬን፣ በአማርኛ፣ ባዶ ሕንፃ ውስጥ። ይህን የጻፈው ፈረንጅ የእናቴን ቁጣ ከየት ሰማው?

ልክ ያን ጊዜ ሊፍቱ መጣ። ይሄ ሊፍት ሌሊት ሰው ሳይጠራው ራሱን ወደ ታች ይመልሳል። የተሠራው እንደዚያ እንደሆነ ቴክኒሻኑ አስረድቶኛል፤ እኔም መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ሌሊት ግን ጢን አለና በሩ ተከፈተ። ውስጡ መብራትና መስታወት ብቻ። ትንሽ ቆየ፤ አንድ ሰው ቀስ ብሎ እስኪወጣ የሚጠብቅ ይመስል። ከዚያ ተዘጋ። የምድር ቤቱን መብራት በሙሉ አብርቼ፣ ቆሜ አነጋሁ።

የታሪኩ ደራሲ ኤም. አር. ጄምስ ይባላል። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሰባት ዓመት ሆነኝ፤ ከዚህ ጣጣ አልወጣሁም። ወሬውን የሰሙ ወዳጆቼ "ከየት ነው የምታገኘው? ገንዘብ ትከፍላለህ? ደግሞስ ኃጢአት አይሆንብህም?" ይሉኛል። ለእያንዳንዱ መመለስ ስለሰለቸኝ እዚህ ልጻፈው። ዓመተ ምሕረቱን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። እኔ ነገርን ከሥሩ ካልጀመርኩ የማይዋጥልኝ ሰው ነኝ። ጎቲክ የሚባለው ልቦለድ የተጀመረው ሆራስ ዋልፖል በ1764 ባሳተመው የኦትራንቶ ግንብ ታሪክ ነው ሲሉኝ ከእሱ ጀመርኩ። ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች በሠርጉ ቀን ሙሽራው ላይ ግዙፍ የብረት ቆብ ይወድቅበትና ይጨፈልቀዋል። ሳቅሁ። ቀጥዬ የአን ራድክሊፍን የኡዶልፎ ምሥጢሮች ያዝኩ፤ በ1794 የወጣ፣ አራት ቅጽ። ተራራው ይገለጻል፣ የጀንበሯ መጥለቅ ይገለጻል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ልጅቷ ራሷን ትስታለች፣ እንደገና ተራራው ይገለጻል። ከአንድ ጥቁር መጋረጃ ጀርባ ምን እንዳየች ለማወቅ ስል ሁለት ወር ታገልኩ። ሳልደርስበት ተውኩት። (አሁን አውቄዋለሁ። አልነግራችሁም፤ ንዴቱ የጋራ ይሁን።)

ስለዚህ ከትልልቆቹ አትጀምሩ። እኔ የምለያቸው እንዲህ ነው። ጎቲክ ቤቱ ነው። አሮጌ ግንብ፣ የወረደ ዘር፣ ተደብቆ የቆየ በደል፣ ይህን ሁሉ ሳታውቅ የገባች ሴት። ያን ቤት ዞሮ ለመጨረስ ጊዜ ይፈልጋል። የመንፈስ ታሪክ ደግሞ እዚያ ቤት የሚመጣው እንግዳ ነው። ሃያ ሠላሳ ገጽ ነው፤ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ያልቃል። መጀመሪያ እንግዳውን ተዋወቁ። ቤቱ የትም አይሄድም።

ሌላው፣ ለእኔ ዋናው፣ ይሄ ነገር የጆሮ ነው። እኔ በአጋጣሚ በጆሮ ጀመርኩ እንጂ በዓይን ቢሆን ሦስተኛው ገጽ ላይ እተወው ነበር። ኋላ ሳጣራ ለካ ከጥንቱም እንዲህ ነው። ጄምስ የካምብሪጅ ሰው ነው፤ የኪንግስ ኮሌጅ አለቃ እስከ መሆን የደረሰ ሊቅ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ታሪኮቹን ኦክቶበር 28 ቀን 1893 በጓደኛሞች ማኅበር ላይ ጮክ ብሎ አነበባቸው። ከዚያ ነገሩ የገና ልማድ ሆነ። ጓደኞቹ ክፍሉ ውስጥ ተሰብስበው ይጠብቁታል። እሱ ጽሑፉን ይዞ ከመኝታ ክፍሉ ይወጣል፣ ከአንዷ በቀር ሻማዎቹን ሁሉ እፍ ይላል፣ ተቀምጦ ያነባል።

በ1816ም ያው ነው። ጄኔቫ ሐይቅ ዳር አምስት ሰዎች ዝናብ ቤት አስቀራቸው። በጋ መሆን ሲገባው ብርድና ዝናብ ሆኖ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አየሩን አበላሽቶታል። ወደ ፈረንሳይኛ የተተረጎሙ የጀርመን የመናፍስት ታሪኮችን እያነበቡ ሰነበቱና ገጣሚው ባይረን "እስቲ እያንዳንዳችን አንድ እንጻፍ" አለ። የአሥራ ስምንት ዓመቷ ሜሪ፣ ኋላ ሜሪ ሼሊ የተባለችው፣ ከዚያ ጨዋታ ፍራንከንስታይንን አወጣች፤ በ1818 ታተመ። የባይረን ሐኪም የነበረው ፖሊዶሪ ደግሞ ስለ ቫምፓየር፣ ስለ ደም መጣጩ ሙት፣ ጻፈ፤ እሱ በ1819 ወጣ። አንድ ክፍል፣ አምስት ሰው፣ ጮክ ብሎ ማንበብ። ሌላ ምንም አልነበረም።

እኛም በትረካ ያደግን ሰዎች ነን። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ የሰሙ ታላላቆቻችን ዛሬም ድምፁን ያነሳሉ። ጆሮ ሞልቶናል።

እና ለመጀመር ሊብሪቮክስን ፈልጉ። በ2005 የተጀመረ ነው። የደራሲ መብታቸው ያበቃ መጻሕፍትን በጎ ፈቃደኞች እያነበቡ ድምፁን በነፃ ያስቀምጣሉ። ክፍያ የለም፣ ምዝገባ የለም። አጫጭር የመንፈስና የድንጋጤ ታሪኮችን በቁጥር እየለዩ ያወጧቸው ስብስቦች አሏቸው፤ "ሾርት ጎስት ኤንድ ሆረር ኮሌክሽን" ብላችሁ ፈልጉ። ጠላታችሁ የአንባቢው ድምፅ ነው። በጎ ፈቃደኛ ስለሆነ አንዱ እንደ ተዋናይ፣ ሌላው እንደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያነበንበዋል። ሁለት ደቂቃ ሰምታችሁ ካልጣማችሁ ተዉት። ታዋቂ ታሪክ ከሆነ ሌላ ሰውም አንብቦት ይሆናል።

ጽሑፉን ከፕሮጀክት ጉተንበርግ ታወርዳላችሁ። ከ1971 ጀምሮ ያለ ነው፤ እሱም በነፃ። ስታንዳርድ ኢ-ቡክስ የሚባለው ደግሞ እነዚያኑ መጻሕፍት ለዓይን አሳምሮ ያዘጋጃቸዋል፤ ስልክ ላይ ለምታነቡ እሱ ይሻላል። የእኔ ዘዴ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሳላቋርጥ እሰማለሁ፤ ያልገባኝ አይግባኝ። በማግስቱ ጽሑፉን ከፍቼ ድግሞሽ እሰማለሁ። መዝገበ ቃላት የማየው ሦስቴ ለተመላለሰ ቃል ብቻ ነው። ከሚመላለሱት ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ቃላት ናቸው። "ቬስትሪ" የሚለውን መዝገበ ቃላቱ በሦስት መስመር አብራርቶልኝ አልገባኝም ነበር። አንድ ዲያቆን ጓደኛዬ "ዕቃ ቤት በለው" አለኝና ተገላገልኩ።

በምን ይጀመር ለሚለኝ፣ የእኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው። አንደኛ የዲከንስ "ዘ ሲግናልማን"፤ በ1866 የወጣ። አንድ የባቡር ምልክት ሰጪ ጥልቅ ገደል ውስጥ ባለች ጎጆ ብቻውን ያድራል፤ አደጋ ሊደርስ ሲል ዋሻው አፍ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ይታየዋል። ዲከንስ ከዓመት በፊት፣ በ1865፣ ስቴፕልኸርስት ላይ ከባቡር አደጋ ለጥቂት የተረፈ ሰው ነው፤ ፍርሃቱ የተውሶ አይደለም። የሌሊት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ይህን ታሪክ ይስማው። ደወል ሲጮህ ሰውዬው ብቻ የሚሰማውን ያን ድምፅ እኔ አውቀዋለሁ። ቀጥሎ የደብልዩ. ደብልዩ. ጄኮብስ "ዘ መንኪስ ፖው"፣ 1902። የዝንጀሮ መዳፍ፣ ሦስት ምኞት፣ በመጨረሻ በር ይንኳኳል። ከዚያ የጄምስ ፊሽካ፤ ሙሉ ስሙ "ኦ ዊስል ኤንድ አይል ካም ቱ ዩ ማይ ላድ" ነው፤ በ1904 በታተመው የመጀመሪያ መድበሉ ውስጥ ይገኛል። አራተኛ የኢዲት ዋርተን "አፍተርዋርድ"፣ 1910። አሜሪካዊ ባልና ሚስት እንግሊዝ አገር ቤት ይይዛሉ። ቤቱ መንፈስ አለበት ይባላል፤ ግን መንፈሱን ማየታችሁን የምታውቁት ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አገር ቀይሮ የኖረ ሰው ይህን ሲያነብ ሌላ ሌላም ነገር ይገባዋል።

እነዚህ አራቱ ከጣሟችሁ ወደ ሼሪዳን ሌፋኑ እለፉ፤ የደብሊን ሰው ነው። ጄምስ ራሱ ከሁሉ በላይ ያስቀምጠው ነበር። "ካርሚላ" የተባለችው የቫምፓየር ታሪኩ በ1872 የወጣች ስትሆን ድራኩላን በ25 ዓመት ትቀድመዋለች። ድራኩላ ራሱ ረዘም ይላል እንጂ አይከብድም፤ በማስታወሻና በደብዳቤ የተጻፈ ስለሆነ ይሮጣል።

ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ተጠንቀቁ። እኔ አንዴ በኢንተርኔት ከማላውቀው ሻጭ የሌፋኑን መድበል አዘዝኩ። የሽፋኑ ሥዕል ያምራል። ሲመጣ ውስጡ ጉድ ነው። ማሽን አንብቦት ማንም ሳያርመው የታተመ ነበር። ፊደሉ የተገለባበጠ፣ የገጽ ቁጥሩ ዓረፍተ ነገር መካከል የገባ፣ የአንዱ ታሪክ መጨረሻ ጭራሽ የለ። መንፈሱ በሩን ከፍቶ ሲገባ ወረቀቱ አለቀ። መልስልኝ ብዬ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። መብታቸው ያለቀ መጻሕፍትን ማንም አንስቶ ሊያትም ስለሚችል እንዲህ ያለው ሞልቷል። የአሳታሚው ስም የሌለበትን፣ ማን እንዳዘጋጀው የማይናገረውን አትግዙ። ወርድስወርዝ የሚባለው አሳታሚ በርካሽ ያወጣቸው አሉ፤ ወረቀቱ ቀጭን ነው፣ ጽሑፉ ግን ሙሉ ነው። የብሪቲሽ ላይብረሪም ከ2018 ጀምሮ የተረሱ የድሮ ታሪኮችን በተከታታይ እያሳተመ ነው፤ መግቢያቸው ራሱ ትምህርት ነው። እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ደግሞ የሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት አባልነት በነፃ እንደሆነ አትርሱ። የሌላቸውን መጽሐፍ ከሌላ ቅርንጫፍ ያስመጡላችኋል።

ሰዎቹን ያገኘሁትም እዚያው ቤተ መጻሕፍት ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ጊዜ በር ተሳስቻለሁ። አንደኛው መንፈስ አዳኞች ዘንድ ነው። ሙቀት መለኪያና መቅረጫ ይዘው አሮጌ ቤት ውስጥ የሚያድሩ ናቸው። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ሻይም አጠጡኝ። ግን እነሱ የሚፈልጉት መንፈሱን ነው፤ እኔ የምፈልገው ታሪኩን። ሌላው ዊትቢ ነው። የድራኩላ መርከብ የምትደርስበት የሰሜን ምሥራቅ የባሕር ከተማ ናት፤ የድራኩላ ደራሲ ብራም ስቶከር በ1890 እዚያ ከርሟል፤ ድራኩላ የሚለውን ስም ያገኘውም እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካነበበው መጽሐፍ ነው። ጎቲክ በዓል አለ ሲሉኝ ሄድኩ። ለካ ጎቲክ ማለት ለብዙ ሰው ሙዚቃውና ጥቁር ልብሱ ነው። እኔ በሰማያዊ ጃኬት መሀላቸው ቆሜ አንድ ሰው ስለ መጽሐፍ እንዲያወራኝ ስጠብቅ ዋልኩ። ቢሆንም 199ኙን ደረጃ ወጥቼ ፍርስራሽ ገዳሙን አየሁት። አልተጸጸትኩም። ስለ መጽሐፉ ማውራት የሚፈልግ በ1973 የተመሠረተውን የድራኩላ ሶሳይቲ ይፈልግ።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በወር አንዴ ይሰበሰቡ የነበሩት ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ጡረተኞች። አንድ ታሪክ ይነበባል፣ ብስኩት ይበላል፣ ይከራከራሉ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሽማግሌ "እናንተ አገርስ የመንፈስ ታሪክ አለ?" አሉኝ። "የለም" አልኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም። ባስ ላይ ሆኜ በራሴ አፈርኩ። አያቴ ማታ ከውጭ ስሜ አንዴ ሲጠራ አቤት እንዳልል፣ ሦስቴ እስኪጠራ ዝም እንድል አስተምራኝ የለም እንዴ? ቀትር ላይ ወንዝ ዳር አትቁም ትለኝ የለም? ጥላ ወጊስ?

በሚቀጥለው ወር የአያቴን ነገር አወራኋቸው። ስለ ፉጨቱም ጨመርኩ። ያው ሽማግሌ ብስኩታቸውን አስቀመጡና "አባቴ የከሰል ጉድጓድ ሠራተኛ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ማፏጨት ክልክል ነው ይል ነበር" አሉ። ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም? "አልነገረኝም" አሉ። የእናቴ ዓይነት ሰው ነበሩ ማለት ነው።

ከቤት ሳትወጡ ወዳጅ ለማግኘት ለምትሹ "ኤ ፖድካስት ቱ ዘ ኪዩሪየስ" የሚባል አለ። ሁለት እንግሊዛውያን ከ2011 ጀምሮ የጄምስን ታሪኮች አንድ በአንድ እያነሱ ያወሩባቸዋል፤ ቦታው የት እንደሆነ፣ ላቲኑ ምን እንደሚል፣ የቱ ጋ እንደማያሳምን። ታሪኩን ካነበባችሁ በኋላ ስሙት፤ በፊት ከሰማችሁት መጨረሻውን ያበላሽባችኋል። ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ሮዝሜሪ ፓርዶ በ1979 የጀመረችው "ጎስትስ ኤንድ ስኮላርስ" የተሰኘ መጽሔት በጄምስና በተከታዮቹ ላይ ያተኮረ ነው። በ1991 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የጎቲክ ማኅበር ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጉባኤ ነው። ለጥናት ካልሆነ ለእኛ ቢጤ ይከብዳል።

ቦታዎቹን ማየትም አንዱ መንገድ ነው። የዋልፖል ቤት ስትሮበሪ ሂል ከዋተርሉ ጣቢያ በባቡር ትደርሱበታላችሁ። ነጭ ነው፤ የሠርግ ኬክ ይመስላል፤ ምኑም አያስፈራም። ሰውዬው ግን እዚያ ተኝቶ የትልቅ ደረጃ መደገፊያ ላይ የብረት ጓንት ያጠለቀ ግዙፍ እጅ በሕልሙ አየ፤ ኦትራንቶ የመጣው ከዚያ ነው። እሱን ካወቅሁ በኋላ ያን የብረት ቆብ እንደገና አነበብኩት፤ በዚያኛው ዙር አልሳቅሁም።

የእኔ ቦታ ግን ኦልድበራ ናት፤ በምሥራቁ የሰፎክ የባሕር ዳርቻ። ጄምስ ልጅነቱን ያሳለፈው በዚያው አውራጃ ነው። ባቡር አይገባባትም፤ ሳክስመንደም ወርዳችሁ ባስ ትይዛላችሁ። "ኤ ዎርኒንግ ቱ ዘ ኪዩሪየስ" የሚለው ታሪኩ የሚፈጸመው እዚያ ነው፤ የከተማዋን ስም ብቻ ቀይሮታል። አንድ ወጣት የተቀበረ የጥንት ንጉሥ ዘውድ ቆፍሮ ያወጣል። ዘውዱ ግን ጠባቂ አለው። የተቀበረ ወርቅ ጠባቂ አለው ሲባል ላደገ ሰው ምን ይነገረዋል? በኅዳር ሄድኩ። ዳርቻው አሸዋ አይደለም፣ ጠጠር ነው። ከከተማው ወደ ደቡብ፣ ማርቴሎ ወደሚባለው የድሮ ግንብ ስትራመዱ ጠጠሩ ከእግራችሁ ሥር ይንኮሻኮሻል። ስትቆሙ ደግሞ ወዲያው አይቆምም። ከኋላችሁ ትንሽ ይንኮሻኮሻል፤ የረገጣችሁት ጠጠር ቦታው ሲመለስ ነው። እንደዚያ ነው ብዬ ለራሴ እየነገርኩ ተራመድኩ። ግንቡ ጋ ሳልደርስ ተመለስኩ፤ ብርዱ ነው።

አሁን ኃጢአት ነው ወይ ወደሚለው ልምጣ። ይህን የጠየቁኝ እትዬ ናቸው። ሰፈራችን ያለን ሐበሾች ሁላችን እትዬ የምንላቸው፣ ቤታቸው ዳቦ የማይጠፋ እናት። የማነበውን ሲሰሙ "ልጄ፣ ሰይጣን መጥራት ይቅርብህ" አሉኝ። እኔም ስለ ጄምስ የማውቀውን ነገርኳቸው። የቄስ ልጅ ነው። እንጀራው የመንፈስ ታሪክ አልነበረም፤ የብራና መጻሕፍት ሊቅ ነበር። ኢተን የሚባል ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ ተረፈ ባሮክን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ለንግሥት ቪክቶሪያ መታሰቢያ ይሁንልን ብለው ላኩላት፤ የትምህርት ቤቱ አለቃ ሲሰሙ ተቆጧቸው። የተረጎሙት ከምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከግዕዝ። በ1893፣ ያን የመጀመሪያ ንባቡን ባደረገበት ዓመት፣ የመጽሐፈ ሄኖክን የላቲን ቁራጭ ብሪቲሽ ሙዚየም ካለ ብራና ላይ አግኝቶ ያሳተመውም እሱ ነው። ሄኖክ ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

እትዬ ዝም ብለው ሰሙኝ። "ተረፈ ባሮክ… አቤሜሌክ ያለበት?" አሉ። አዎ፣ ያ በለሱን ይዞ ዛፍ ሥር ጋደም እንዳለ 66 ዓመት የተኛው ኢትዮጵያዊ። ሲነቃ በለሱ ገና ትኩስ ነው፤ ከተማው ግን የማያውቀው ሆኗል። "እሱን ያነበበ ልጅ ክፉ ሊሆን አይችልም" አሉና እኛው ቤት አንብቡ አሉን።

እንዲህ ነው የአማርኛው ስብስብ የተጀመረው። አምስት ነን። እትዬ፣ ዲያቆኑ፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የጎንደር ልጅ ታክሲ ነጂ፣ እኔ። በየወሩ አንድ ቅዳሜ። ስም የለውም፤ "የመንፈስ ማኅበር" ብለን ነበር፤ ዲያቆኑ ሰው ምን ይለኛል ብሎ አስቀረው። ከሠራናቸው ስህተቶች ትማሩ እንደሆን ልንገራችሁ። መጀመሪያ እንግሊዝኛውን እያየሁ እዚያው በቃሌ ልተርጉም ብዬ ነበር። አይሆንም። መንፈሱ ብቅ ሲል እኔ ቃል እፈልጋለሁ፤ "እ… እ…" ስል ፍርሃቱ ይበርዳል። አሁን ሳምንቱን ሙሉ በሥራ ላይ ሆኜ ታሪኩን በራሴ አማርኛ እጽፈዋለሁ፤ አሳጥሬ፣ ከአርባ ደቂቃ እንዳይበልጥ። ስልክ ከክፍሉ ይወጣል። መብራት ይጠፋል፣ አንድ ሻማ ይበራል። ዕጣን ግን አታብዙ። የዝንጀሮውን መዳፍ ያነበብን ዕለት፣ እናትየው የበሩን መቀርቀሪያ ለመሳብ ስትንጠራራ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ነርሷ ሶፋው ላይ ወጣች። ከዚህ የተሻለ የተነበበ ታሪክ የለንም።

ንባቡ ሲያልቅ ቶሎ መብራት አታብሩ። ዝም በሉ። አንድ ሰው "እኛ አገር እንኳን…" ብሎ ይጀምራል። የጎንደሩ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አድማጭ ብቻ ነበር፤ ባለፈው ዓመት በዚያ ዝምታ ውስጥ አባቱ ከገበያ ሲመለሱ ጨረቃ ላይ ስላጋጠማቸው መንገደኛ ነገረን። መንገደኛው ጥላ አልነበረውም። ከጄምስ የሚያንስ አይደለም። ያን ሌሊት ታክሲውን እየነዳ ብቻውን መሄድ ስላልፈለገ ዲያቆኑን ቤቱ ድረስ አደረሰው።

ፊሽካዋን ሆን ብዬ አቆይቻት ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ፈረንጆቹ ገናቸውን ሲያከብሩ፣ እሷን አነበብኩ። ፕሮፌሰሩ ፊሽካዋን ከአፈር ጠርጎ ወደ አፉ ሲያስጠጋ እትዬ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ማታ ነው?"

"አዎ፣ ማታ ነው እትዬ።"

"እናቱ አልነገረችውም?"

ሳቅን። እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ አልጋውን፣ አንሶላውን፣ መስኮቱን። ሲያልቅ ማንም አልተናገረም። ወጥ ቤት ሻይ ሊፈላ ተጥዷል። የእትዬ ማንቆርቆሪያ ውሃው ሲፈላ የሚያፏጭ ዓይነት ነው። ውሃው ሲንተከተክ ይሰማናል። እትዬ ሻማውን ይዘው፣ እኛን ጨለማ ውስጥ ትተው፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱና ከምድጃው አነሱት። ሳያፏጭ።